ሐሩ ሲያልፍ ገበያው ይቀራል፦ የጎጃም የሲራራ መንገድ ከአክሱም እስከ ዛሬ

የሐር መንገድ ሲባል ቶሎ የሚታሰበን ከቻይና ተነስቶ የመካከለኛው እስያን በረሃና ፋርስን አቋርጦ ሜዲትራኒያን ባሕር የሚደርሰው የግመል ጉዞ ነው። አገራችን በዚያ ካርታ ላይ ብዙ ጊዜ አትታይም። ሐር ግን ወደ ኢትዮጵያ ደጋ ለብዙ መቶ ዓመታት ሲገባ ኖሯል፤ በምትኩም ወርቅ፣ የዝሆን ጥርስ፣ ዝባድና ቡና ወጥቷል፤ ሰውም እንደ ሸቀጥ ተሸጧል። ይህን ልውውጥ ከቀይ ባሕር ጠረፍ እስከ ግቤ አገር ያያያዘው የሲራራ ነጋዴዎች መንገድ ጎጃምን ሰንጥቆ ያልፍ ነበር።

ሮብ ገበያ ከደብረ ማርቆስ በስተሰሜን፣ ወደ ጮቄ ተራራ በሚወጣው መንገድ ላይ የምትገኝ የስናን ወረዳ ከተማ ናት። ታላቁ የሲራራ መስመር የሚያልፈው ከእርሷ በስተደቡብና በስተምዕራብ ባለው ዝቅ ያለ አገር ነበር። ሆኖም ያንን ንግድ የተሸከመው ሥርዓት ምን እንደሚመስል ማየት የፈለገ ሰው እንዲህ ያለች የደጋ ከተማ በገበያ ቀን ብትታየው ይበቃዋል። ገበሬው ገብሱንና ድንቹን በአህያ ጭኖ፣ በጉን ነድቶ ይወርዳል፤ ሲመለስ ጨው፣ በርበሬ፣ ቡናና ልብስ ይዞ ይወጣል። ደጋና ቆላ በሳምንት አንድ ቀን ተገናኝተው ይለዋወጣሉ።

ይህ ዳሰሳ በየዘመኑ ሦስት ጥያቄ ያነሣል። ምን ተጫነ? በሩን ማን ያዘው? ትርፉስ የት ቀረ? ሁለት ሺህ ዓመት ገደማ ወደ ኋላ ሄደን ስናየው መልሱ በአንድ ነገር ላይ ይጸናል። የሩቅ አገር ውድ ሸቀጥ በሩን ከያዘው ጋር ይዞራል፤ እህልና ጨው የሚለዋወጡበት የሳምንት ገበያ ግን ባለበት ይኖራል።

አክሱም፦ ሐሩ ከደጅ የተመለሰበት ዘመን

በ1ኛው ክፍለ ዘመን የተጻፈው የኤርትራ ባሕር የጉዞ መምሪያ ስለ አዱሊስ ወደብ ሲናገር የዝሆን ጥርስ ከዓባይ ማዶ እየተሰበሰበ ወደ አክሱም፣ ከአክሱምም ወደ አዱሊስ እንደሚወርድ ይገልጻል። ከአዱሊስ እስከ አክሱም ያለውን መንገድም የስምንት ቀን ጉዞ ይለዋል። ስለዚህ የደጋው ሰው ከዓለም ንግድ ጋር የተሳሰረው ገና ክርስትና ሳይገባ ነው።

በ6ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ አዱሊስን ያየው ግብፃዊው ነጋዴ ኮስማስ ደግሞ የውስጡን መንገድ ይተርክልናል። የአክሱም ንጉሥ በአገው አገር ገዥ አማካይነት በየሁለት ዓመቱ ነጋዴዎችን ሳሱ ወደምትባል የወርቅ አገር ይልካል። ከ500 የሚበልጡ ሰዎች በሬ፣ ጨውና ብረት ይዘው ይሄዳሉ። ከቦታው ሲደርሱ በእሾህ አጥር ያጥራሉ፤ በሬውን አርደው ሥጋውን፣ ጨውንና ብረቱን በአጥሩ ላይ ይደረድራሉ። የአገሬው ሰው መጥቶ በወደደው ዕቃ ላይ የወርቅ ፍሬ አስቀምጦ ፈቀቅ ይላል። ባለ ዕቃው ከተስማማው ወርቁን ያነሣል፤ ካልተስማማው ይተወዋል፤ ያም ወርቅ ይጨምራል ወይም የራሱን ወርቅ ይዞ ይሄዳል። ቋንቋ ሳይግባቡ ዋጋ ይግባባሉ። ጉዞው ደርሶ መልስ ስድስት ወር ይፈጅ ነበር፤ ሲመለሱም ክረምቱ ወንዙን ሞልቶ እንዳይቀድማቸው ይፈጥኑ ነበር። ጨው ወደ ውስጥ፣ ወርቅ ወደ ባሕር የሚለውን ይህን አካሄድ ከ1,300 ዓመት በኋላ በጎጃም እናገኘዋለን።

ሐር በታሪካችን ጎልቶ የሚነሣው በዚሁ ዘመን ነው። የቻይና ሐር በመርከብ ስሪ ላንካ እየደረሰ ከዚያ ወደ ምዕራብ ይሠራጭ ነበር፤ የአዱሊስ መርከበኞችም ያንን ባሕር ያውቁታል። የቁስጥንጥንያው ንጉሠ ነገሥት ዮስጢንያኖስ ከፋርስ ጋር ይዋጉ ስለነበር ለሐር ብለው ለጠላታቸው ወርቅ መክፈሉ አንገበገባቸው። እ.ኤ.አ. በ531 ገደማ ዩልያኖስ የተባለ መልእክተኛ ወደ አፄ ካሌብ ላኩ። ጥያቄው ግልጽ ነበር። ኢትዮጵያውያን ሐሩን ከህንድ ገዝተው ለሮማውያን ይሽጡ፤ ኢትዮጵያውያኑ ብዙ ሀብት ያገኛሉ፣ ሮማውያንም ገንዘባቸው ለጠላት ከመግባት ይድናል።

ታሪክ ጸሐፊው ፕሮኮፒዮስ እንደሚነግረን ነገሩ አልተሳካም። የፋርስ ነጋዴዎች የህንድ መርከቦች መጀመሪያ የሚደርሱባቸውን ወደቦች ይዘው ስለነበር ጭነቱን ጠቅልለው ይገዙታል። አክሱም መርከብም፣ ወርቅም፣ ፈላጊ ደንበኛም ነበራት፤ የጎደላት ሐሩ ከመርከብ የሚወርድበት ደጅ ነበር። ከሃያ ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ552 አካባቢ፣ መነኮሳት የሐር ትል እንቁላል ደብቀው ቁስጥንጥንያ አስገቡና ሮማውያን ሐር በአገራቸው ማምረት ጀመሩ። ለአክሱም የተከፈተው ዕድል በዚሁ አለፈ።

አሞሌ ገንዘብ ሲሆን

ከአክሱም በኋላ ባሕሩ በሌሎች እጅ ገባ፤ የውስጡ መንገድ ግን አልተቋረጠም። እ.ኤ.አ. ከ1520 እስከ 1526 በአፄ ልብነ ድንግል ዘመን በኢትዮጵያ የቆየው ፖርቱጋላዊ ቄስ አልቫሬዝ በአገሩ ሁሉ ጨው እንደ ገንዘብ እንደሚሠራ ጽፏል። በቤተ መንግሥቱም የሐርና የግምጃ ብዛት አይቷል። ድሃው በጨው ይገበያያል፤ ጌታው ሐር ይለብሳል፤ ሁለቱንም የሚያመላልሰው ያው ነጋዴ ነው።

አሞሌው ከአፋር ዝቅተኛ ምድር፣ ከአርሆ ይቆረጣል። ቅርጹ እንደ መሳል ድንጋይ ረዘም ያለ ነው፤ በመንገድ እንዳይሰበር ወገቡ በልጥ ይታሰራል። በግመልና በአህያ ወደ ትግራይ ይወጣል፤ ከዚያ በላስታና በጎንደር አድርጎ ጎጃም ይገባል፤ ዓባይንም ተሻግሮ ወደ ኦሮሞ አገር ይዘልቃል። በራቀ ቁጥር ዋጋው ይንራል። ባሕር ጠረፍ አጠገብ ርካሽ የነበረው አሞሌ ዓባይ ማዶ ሲደርስ የከበረ ዕቃ ነው። ክፉ ጠላቱ ዝናብና እርጥበት ነበር፤ ያሟሟዋል። እንዲያም ሆኖ የተሰበረው ስባሪ ለሽርፍራፊ ይውላል፤ ገንዘብነቱ ቢቀር ወጥ ውስጥ ይገባል።

ከ18ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ወዲህ ከአሞሌው ጎን የማሪያ ቴሬዛ ጠገራ ብር ቆመ። እ.ኤ.አ. 1780 የሚለው ዓመት ሳይለወጥ እየተቀረጸ በቀይ ባሕር በኩል ይገባ ነበር። ገበያተኛው ዝም ብሎ አይቀበለውም። የንግሥቲቱን የትከሻ ጌጥ አገላብጦ እንቁዎቹን ይቆጥራል፤ የተፋቀና የደበዘዘ ከሆነ ይመልሳል። ለትልቁ ሽያጭ ጠገራው፣ ለትንሹ አሞሌው ይሠራ ነበር።

ጎንደር፦ ሐር በቤተ መንግሥትና በቤተ ክርስቲያን

አፄ ፋሲለደስ እ.ኤ.አ. በ1636 ጎንደርን ሲቆረቁሩ የሲራራው መንገድ ቋሚ መናኸሪያ አገኘ። ከጎንደር አንዱ መስመር በአድዋ በኩል ወደ ምጽዋ፣ ሌላው በመተማ በኩል ወደ ሱዳን ይወጣል። በደቡብ በኩል ደግሞ በጣና ምሥራቅ ዳርቻ፣ በይፋግና በደሪታ አድርጎ ጎጃም ይገባል።

የዚያን ዘመን ሐር ዛሬ በዓይን ማየት የፈለገ ሰው የሚያገኘው በባዕድ አገር ነው። በለንደኑ የብሪታንያ ሙዚየም ውስጥ ከሐር ክር የተሠራ ትልቅ የቤተ ክርስቲያን መጋረጃ አለ። ከመቅደላ ዘመቻ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1868 ሙዚየሙ የገባ ነው። በላዩ ንጉሥና ንግሥት ከአጃቢዎቻቸው ጋር ተሸምነዋል፤ አፄ በካፋ፣ እቴጌ ምንትዋብና ልጃቸው ኢያሱ ናቸው ተብሎ ይገመታል። ክሩ ከውጭ የመጣ ነው፤ ሸማኔው ግን የአገር ሰው ነው፤ ቀዳዳ ባላቸው ሰሌዳዎች ክሩን እያዞረ፣ ምስሉን ከድርና ማጉ ጋር አብሮ ያወጣው እርሱ ነው። ጥሬው ከሩቅ መጥቶ ሙያው ከዚህ የተጨመረበት ሥራ በመሆኑ የትርፉን ጥያቄ በበጎ የሚመልስ ምስክር ነው።

ሐር በትላልቆች እጅ ብቻ አልቀረም። የብራና መጻሕፍት ገበታ ውስጡ ከህንድና ከሌላም አገር በመጣ ጨርቅ ይለበጣል፤ በሥዕሉ ላይ የሐር መሸፈኛ ይሰፋል። ከሁሉ በላይ ብዙ ሰው ዘንድ የደረሰው ማተቡ ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን በምጽዋ ከሚገቡት ዕቃዎች አንዱ ለማተብ የሚሆን ሰማያዊ የሐር ክር ነበር። ቀሚሱ ከአገር ጥጥ የተፈተለ ገበሬ በአንገቱ ላይ ባሕር ተሻግሮ የመጣ ክር ነበረው። የዓለም ንግድ ወደ ገጠሩ ቤት የገባው በዚህች ቀጭን ክር ነው።

ባሶ፦ የዓባይ በር

በ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ የደቡቡ ንግድ ዋና መገናኛ በየጁቤ አቅራቢያ የነበረው የባሶ ገበያ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1841 እስከ 1843 በጎጃም የቆየው እንግሊዛዊው ቻርልስ ቢክ የዚህን ገበያ ሁኔታ በሰፊው ጽፏል፤ በዚያው ዘመን የዞረው ፈረንሳዊው አንትዋን ዳባዲም ተመሳሳይ ምስክርነት ትቷል።

መስመሩ ከሊሙ እናርያ ይነሣል። ንጉሡ አባ ባጊቦ እ.ኤ.አ. ከ1825 እስከ 1861 ነጋዴን አቅርበው የሳቃ ገበያን አሳድገው ነበር። ሲራራው ከሳቃ ወደ ጉድሩ ይወጣል፤ በአሰንዳቦ ገበያ ያርፋል፤ ዓባይን ተሻግሮ ባሶ ይገባል፤ ከዚያ ወደ ጎንደር፣ ከጎንደርም ወደ ምጽዋ ወይም ወደ መተማ ይቀጥላል። ከደቡብ ወርቅ፣ የዝሆን ጥርስ፣ ዝባድ፣ ቡና፣ ኮረሪማና ፈረስ ይመጣል። ከሰሜን አሞሌ፣ ጠገራ ብር፣ ዶቃ፣ ቀይ ጨርቅና የሐር ክር ይወርዳል። ጎጃም በበኩሉ በቅሎ፣ ማር፣ ሰምና የጥጥ ልብስ ይጨምርበታል።

በዚህ መስመር በዓባይ ላይ ድልድይ አልነበረም። ውኃው በጎደለ ወራት ነጋዴው በመልካው ይሻገራል፤ ጭነቱን ያወርዳል፤ አህያውንና በቅሎውን በዋና ያሳልፋል፤ አዞውን ይፈራል። በረሃው ውስጥ ወባ አለ፤ ማደር ያሰጋል። ክረምት ሲገባ ወንዙ ይሞላና ማዶና ማዶ ይለያያል። የሲራራው ዓመት በዓባይ ሙላት ይሰፈር ነበር።

ከወንዙ ያልተናነሰው መሰናክል ኬላው ነው። በየአውራጃው በር ነጋድራሱና ሰዎቹ ቀረጥ ይቀበላሉ። አንድ ጭነት ምጽዋ እስኪደርስ ደጋግሞ ይቀረጣል። በዘመነ መሳፍንት ደግሞ በየበሩ ያለው ጌታ ስለሚለዋወጥ ትናንት የከፈለ ነጋዴ ዛሬ እንደገና ይጠየቃል። ይህን ሁሉ ችሎ መንገዱን ያቆየው በአብዛኛው የጀበርቲ ነጋዴ ነው፤ ከዓባይ ማዶም አፍቃላ የሚባሉት የኦሮሞ ነጋዴዎች። ክርስቲያንና እስላም፣ አማራና ኦሮሞ የተገናኙበት፣ በቃልና በዋስ የሚታመኑበት ገበያ ነበር።

ስለ ባሶ ስንጽፍ የባሪያውን ንግድ አለዝበን ማለፍ አይገባም። ከደቡብ ከሚመጡት ሁሉ እጅግ ትርፋማ ከነበሩት አንዱ ሰው ነበር። ሕፃናትና ሴቶች ከቀያቸው ተነጥቀው በዚሁ መንገድ፣ ዓባይን በዚያው መልካ ተሻግረው፣ በዚያው ገበያ ተሸጠዋል። ንግዱን የሚከለክል አዋጅ በየዘመኑ ተነግሯል፤ እ.ኤ.አ. በ1924 የወጣው ሕግ ነፃ የማውጣቱን መንገድ ከፈተ፤ የ1942ቱ አዋጅ ባርነትን ፈጽሞ ሻረ። የሲራራው ብልጽግና ሲነሣ የእነዚህ ሰዎች ዕዳ አብሮ መነሣት አለበት።

እምባቦ፦ መንገዱ የዞረበት ቀን

አፄ ዮሐንስ 4ኛ በ1873 ዓ.ም. ራስ አዳል ተሰማን ተክለ ሃይማኖት ብለው የጎጃምና የከፋ ንጉሥ አደረጓቸው። ማዕረጉ የዓባይ ማዶ ሀብት የማን እንደሆነ የሚናገር ነበር። የሸዋው ንጉሥ ምኒልክም ያንኑ አገር ይፈልጉ ነበር። የጎጃሙ ራስ ደርሶና የሸዋው ራስ ጎበና በደቡብ ምዕራቡ ግብር ላይ ተጋጩ። ነገሩ በግንቦት 30 ቀን 1874 ዓ.ም. በእምባቦ በጦርነት አለቀ። የራስ ጎበና ፈረሰኛ ቀኑን ወሰነው፤ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖትም ቆስለው ተማረኩ።

ከዚያ ወዲህ የከፋ፣ የጅማና የወለጋ ሀብት ፊቱን ወደ ሸዋ አዞረ። አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ተቆረቆረች፤ በ1909 ዓ.ም. የጅቡቲው ባቡር ደረሰላት። ቡናው፣ ሰሙና ቆዳው በባቡር ወደ ባሕር ሲወርድ የጎንደርና የምጽዋው ረጅም መንገድ ተወዳዳሪ መሆን አቃተው። ባሶ የነበረውን ስፋት አጣ። በአክሱም ዘመን የፋርስ ነጋዴ የሐሩን በር እንደያዘ ሁሉ አሁን ደግሞ የቡናው በር ወደ ሸዋ ተሻገረ።

ጎጃም ግን ገበያ አልባ አልሆነም። ንጉሡ በመንቆረር ያሠሩት የቅዱስ ማርቆስ ቤተ ክርስቲያን ለከተማው አዲስ ስም ሰጠው፤ ደብረ ማርቆስም የአካባቢው መገበያያ ሆና አደገች። በምዕራብ በኩል የዳንግላ ነጋዴ ከሱዳን ጋር መገበያየቱን ቀጠለ። ሮበርት ቺስማን እ.ኤ.አ. ከ1925 እስከ 1934 በዳንግላ የእንግሊዝ ቆንስል ሆኖ መቀመጡ በራሱ የዚያን መስመር ክብደት ያሳያል። ቺስማን ጣናንና ዓባይን ዞሮ ካርታቸውን የሠራውም በዚሁ ዘመን ነው።

ከበቅሎ ወደ መኪና

የጣሊያን ወረራ በጎጃም የመኪና መንገድ ዘረጋ፤ ለሠራዊት ተብሎ የተጠረገው መንገድ ከነፃነት በኋላ የጭነት መኪና መሄጃ ሆነ። በደጀንና በጎሐ ጽዮን መካከል ያለው የዓባይ በረሃ ለብዙ ዘመን ሲራራውን ሲለይ የኖረ ገደል ነው። ዛሬ በዚያ ላይ እ.ኤ.አ. በ2008 በጃፓን ዕርዳታ የተመረቀው 303 ሜትር ርዝመት ያለው የህዳሴ ድልድይ ቆሟል። አባቶቻችን መስከረም ጠብቶ ውኃ እስኪጎድል ይጠብቁበት የነበረውን ወንዝ መኪናው በጥቂት ደቂቃ ያልፈዋል።

ከጮቄ በስተሰሜን፣ በሞጣ በኩል ያለው የሰባራ ድልድይ ታሪክ ደግሞ ከዚህ ይለያል። በ17ኛው ክፍለ ዘመን በዓባይ ላይ የተሠራው ይህ የድንጋይ ድልድይ ጎጃምን ከበጌምድር ያገናኝ ነበር። በጣሊያን ጊዜ ጠላትን ለማገድ መካከሉ ፈረሰ። ከዚያ በኋላ ለብዙ አሥርት ዓመታት ሰው በገመድ ታስሮ፣ ማዶና ማዶ ያሉ ወንዶች እየጎተቱት በጥልቁ ላይ ተሻገረ። የሚሻገረው ጥቂት እህል ሊሸጥ፣ ዘመድ ሊጠይቅ፣ ለቅሶ ሊደርስ ነው። እ.ኤ.አ. በ2002 ተጠገነ፤ በ2005 ጎርፍ ወሰደው፤ በ2009 የተንጠለጠለ የእግረኛ ድልድይ ተሠራ። በዚያ ሁሉ ዓመት በገመዱ ላይ ወርቅም ሐርም አላለፈም፤ ገበያተኛው ግን አልቀረም።

ሦስቱ ጥያቄዎች ዛሬ

ምን ተጫነ? ከውድ ዕቃ ወደ ተራ ዕቃ ተሸጋግረናል። የወርቁና የዝሆን ጥርሱ ጭነት ቀርቶ ጤፍ፣ ስንዴ፣ ገብስ፣ ድንችና የቀንድ ከብት ተተክቷል። ሐር ብለን በጥበብ ላይ የምንጠልፈው ክር ራሱ በአብዛኛው ሰው ሠራሽ ነው። ይሁንና በመልካሳ የግብርና ምርምር ማዕከል የጉሎ ቅጠል የሚመገብ የሐር ትል ተለምዶ እየተረባ ነው። ዮስጢንያኖስ መልእክተኛ የላኩበትን ነገር በጓሮአችን ማምረት የምንችልበት ጊዜ ላይ ነን። ጉሎ በሚበቅልበት የጎጃም ወይናደጋ የሸማኔው ሙያ ሳይጠፋ ቢደረስለት የጎንደሩን መጋረጃ የሸመኑት እጆች ወራሽ አያጡም።

በሩን ማን ያዘው? በ6ኛው ክፍለ ዘመን የፋርስ ነጋዴ፣ በ19ኛው የዓባይ ኬላ ጌታ፣ በ20ኛው የባቡሩ ባለቤት ያዘው። ዛሬ አገራችን የባሕር በር የላትም፤ ወጪና ገቢ ዕቃችን በአብዛኛው በጅቡቲ ያልፋል፤ በቻይና ብድርና ኩባንያዎች የተሠራው የኤሌክትሪክ ባቡርም እ.ኤ.አ. በ2016 በዚያው አቅጣጫ ተመርቋል። በክልላችን ውስጥ ደግሞ ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ ባለው ግጭት መንገድ በየጊዜው ይዘጋል። መንገድ ሲዘጋ የደጋው ድንች በማሳ ይበሰብሳል፤ የቆላው በርበሬ ዋጋ ይንራል፤ ማዳበሪያ በወቅቱ አይደርስም። በዘመነ መሳፍንት ነጋዴውን ያስመረረው የበር መብዛት ዛሬም የሚጎዳው ሸክም ያለውን ሰው ነው።

ትርፉስ የት ቀረ? ብዙው በሩን በያዘው እጅ ቀርቷል። ለአምራቹ የተረፈው ጥሬውን በራሱ ሙያ ለውጦ በሸጠበት ጊዜ ነው። ስለዚህ ለሮብ ገበያና ለመሰሎቿ የሚያስፈልገው ምን እንደሆነ ታሪኩ ራሱ ይነግረናል። በክረምት የማይቆረጥ የገጠር መንገድ ያስፈልጋቸዋል። ድንችና ገብስ ዋጋ እስኪያገኝ የሚቆይበት መጋዘን፣ ገብሱን ፈትጎ፣ ድንቹን ለይቶ የሚሸጥ ማኅበር ያስፈልጋቸዋል። አንድ ጭነት አንዴ ከተቀረጠ በኋላ ደግሞ የማይጠየቅበት ሥርዓት ያስፈልጋቸዋል። የአረጋውያን ነጋዴዎች ትዝታም ሳያልፍ ቢመዘገብ፣ በባሶና በየጁቤ አካባቢ የቀረው የሲራራ አሻራ በደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ቢጠና ትልቅ ሀብት ነው።

ዕቅድ አውጪ ሁሉ ወደ ወደብና ወደ ትልቅ መንገድ ቢመለከት አይፈረድበትም፤ የታሪካችን ሕመምም እዚያ ላይ ነው። ነገር ግን መንግሥታት ወድቀው፣ ሸቀጥ ተለውጦ፣ መስመር ዞሮ ያልጠፋው የሳምንቱ ገበያ ነው። ገበሬው ያለ ፍርሃት ወደዚያ ወርዶ፣ ያመረተውን በሚገባው ዋጋ ሸጦ በጊዜ ወደ ቤቱ እንዲመለስ ማድረግ የማንኛውም የንግድ ዕቅድ የመጀመሪያ ሥራ ሊሆን ይገባል።